የአጃ ኩኪስና "ለምን" የምትለዋ ጥያቄ

የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሸመድዳቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴት የሚሉት ናቸው። ከስድስቱ "ለምን" የምትለዋ በዜናም ቢሆን ቶሎ የምትዘለል ናት። በምግብ አሠራር ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ የለችም ማለት ይቻላል። "ቅቤና ስኳሩን ምቱ፣ ዱቄቱን ጨምሩ፣ ጋግሩ" ይባላል፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ በደረቅ ፍራፍሬ የሚሠራውን የአጃ ኩኪስ ምክንያት አድርጌ ይህቺን የተረሳች ጥያቄ ላነሳ ወደድኩ።

"ከሁሉ ነገር ኩኪስ?" የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ የተመደበችው ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስንቅ የማዘጋጀቱ ሥራ ለእናቴና ለእኔ ወድቋል። በሶውና ዳቦ ቆሎው መቼም አይቀርም፤ እሷ ግን ከሻይ ጋር የሚበላ ለስለስ ያለ ነገር ትፈልጋለች። ከኬክ ቤት በኪሎ እየገዙ መላኩን ኪሳችን አይችለውም። እቤት ለመጋገርም ቢሆን ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ዘቢቡ ሁሉ ተቆጥሮ የሚገዛ ነው። አንድ ዙር ከተበላሸ የወሩ ስንቅ ተበላሸ ማለት ስለሆነ "እስቲ እንሞክረው" ብሎ ዝም ብሎ መጀመር አይቻልም። እኔም ከመጋገሬ በፊት ማንበብና መጠየቅ ያዝኩ።

አጃ ከየት ወዴት?

አጃ ለእኛ ባዳ እህል አይደለም። አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ሁሉ የአጃ አጥሚት ያውቃል። "አቬና አቢሲኒካ" የሚል ሳይንሳዊ ስም ያለው የአጃ ዝርያ በሀገራችን ደጋ አካባቢዎች በገብስ ማሳ መሐል አብሮ እየበቀለ፣ አብሮ እየታጨደ የኖረ ነው። ስሙ ራሱ የእኛን ሀገር ይጠራል።

ኩኪሱ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። አጃን ለዘመናት ዋና ምግባቸው ያደረጉት ስኮትላንዶች ጠፍጣፋ የአጃ ቂጣ ይጋግራሉ። ስኳርና እንቁላል፣ ኋላም ዘቢብ እየተጨመረበት ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው አሜሪካ ውስጥ ነው። በቦስተን የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ፋኒ ሜሪት ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የአጃ ኩኪስ አሠራር ይገኛል። እኚህ ሴት ይበልጥ የሚታወቁት ግን በልኬት ነው። ከእሳቸው በፊት በነበሩ መጻሕፍት "የእንቁላል መጠን ያለው ቅቤ" ዓይነት አነጋገር የተለመደ ነበር። እሳቸው ማንኪያውና ስኒው ሞልቶ አፉ በቢላ ይስተካከል፣ ልክ ሁሉ አንድ ይሁን ብለው አስተማሩ።

የእኛ እናቶች በዓይንና በእጅ ይለካሉ። ይሄ ጉድለት አይደለም፤ ለዓመታት በአንድ ወጥ ቤት፣ በአንድ ምድጃ የተገኘ እውቀት ነው። ሌላ ሰው በሌላ ሀገር የጻፈውን ስንሠራ ግን ያ ልምድ የለንምና ሚዛን ያስፈልገናል።

አዲስ አበባ ቦስተን አይደለችም

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ቦስተን የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል።

ይህ ለኩኪስ ምን ይፈይዳል? ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ግፊቱ ሲቀንስ ከቤኪንግ ሶዳው የሚወጣው ጋዝ ይበልጥ ይለጠጣል። ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይደርቅ ተመልሶ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ በቀረው እርጥበት ውስጥ ስኳሩ ይበዛል። ስኳር ሲበዛ ደግሞ የእንቁላሉና የዱቄቱ መያያዝ ይዘገያል። ሊጡ ቅርጹን ሳይዝ ትሪው ላይ ይንጣለላል፤ ኩኪስ ሳይሆን አንድ ትልቅ ቂጣ ይወጣል።

መፍትሔው ታዲያ ከባድ አይደለም። ሶዳውን መቀነስ፣ ስኳሩን ትንሽ ማጉደል፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ወይም ወተት መጨመር፣ የኦቨኑን ሙቀትም በትንሹ ከፍ ማድረግ ነው። በተራራማዋ የኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከፍታ ቦታ ላይ ስለመጋገር መመሪያ ያዘጋጃል። የኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናትና እኛ ከእነሱም በላይ ነን።

እያንዳንዱ ግብዓት ሥራው ምንድን ነው?

አጃ፦ በካርቶንና በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው፣ ብዙ ሰው "ኦትስ" የሚለው ጠፍጣፋ አጃ በእንፋሎት ተቀቅሎ በሲሊንደር የተዳጠ ነው። እንፋሎቱ ለማለስለስ ብቻ አይደለም። አጃ ከሌሎች እህሎች የበለጠ ቅባት አለው፤ ቅባቱን የሚያበላሽና እህሉን የሚያመርር ኢንዛይምም በውስጡ ይገኛል። ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ከገበያ የተከካ አጃ የምትጠቀሙ ከሆነ ታዲያ በብረት ምጣድ ላይ መዓዛው እስኪወጣ ድረስ አመስ አመስ አድርጉት፤ ከዚያም ደቆስ አድርጉት። እህልን ማመስ ለእኛ እናቶች አዲስ ነገር አይደለም።

ቅቤ፦ ኩኪሱን የሚያሳሳው እሱ ነው። የዱቄቱን ቅንጣቶች ስለሚሸፍናቸው ሊጡ እንደ ዳቦ እንዳይለጠጥ ያደርጋል። የገበታ ቅቤ ይመረጣል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ከተጠቀማችሁ ግን የምታገኙት ነገር ጣዕሙ ወደ ጨጨብሳ ያደላል። (ለሚወድ ሰው ክፋት የለውም።)

ስኳርና ማር፦ የውጭዎቹ አሠራሮች ቡናማ ስኳር ያዛሉ። ቡናማው ስኳር ውስጥ ያለው ሞላሰስ አሲድነት ስላለው ሶዳውን ይቀሰቅሰዋል፤ እርጥበትም ይይዛል። ሱቃችን ያለው ነጩ ስኳር ሁለቱንም አያደርግም። ማር ግን ሁለቱንም ያደርጋል፤ ስለዚህ ከስኳሩ ጥቂቱን በማር መተካት ነው። ማር ቶሎ ስለሚያጠቁር ከዓይን አይራቅ። ይህ የመጥቆር ነገር፣ ማለትም ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ተገናኝተው ቀለምና መዓዛ መፍጠራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ባስረዳው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ስም የማያር ሂደት ይባላል። ቡና ሲቆላ የሚሸተንም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ደረቅ ፍራፍሬ፦ ዘቢብና ቴምር ከሊጡ ይልቅ ደረቅ ስለሆኑ እርጥበቱን ይመጡታል፤ ላይ ላዩን የወጡት ደግሞ ያርራሉ፣ ይመራሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ለ15 ደቂቃ ትኩስ ሻይ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ጨምቆ ማድረቅ ነው። ቴምሩ ፍሬው ወጥቶ ይከተፍና ዱቄት ይነሰነስበት፤ አለበለዚያ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

አሠራሩ

ለ24 ኩኪስ የሚሆነው ልክ ይኸውላችሁ፦ ጠፍጣፋ አጃ 180 ግራም፣ የስንዴ ዱቄት 130 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 115 ግራም፣ ስኳር 100 ግራም፣ ማር 2 የሾርባ ማንኪያ፣ እንቁላል 1፣ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ወተት ወይም ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ዘቢብ 100 ግራም፣ ቴምር 50 ግራም።

የለሰለሰውን ቅቤ ከስኳሩና ከማሩ ጋር ነጣ እስኪል ምቱት። እንቁላሉንና ወተቱን ጨምሩ። ዱቄቱን፣ ሶዳውን፣ ጨውንና ቀረፋውን ለብቻ ቀላቅላችሁ ጨምሩበት። በመጨረሻ አጃውንና ፍራፍሬውን አስገቡ፤ ዱቄት ከገባ በኋላ ብዙ አታሹት፣ ይጠነክራል። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ለምን? አጃው ደረቅ ስለሆነ እርጥበቱን ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ የጠጣ አጃ ደግሞ ሊጡን ያጸናዋል። ከዚያ በሾርባ ማንኪያ እያነሳችሁ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ አራርቃችሁ አስቀምጡና በ190 ዲግሪ ከ11 እስከ 13 ደቂቃ ጋግሩ። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ገና ለስላሳ ሲሆን አውጡት፤ የትሪው ሙቀት ቀሪውን ያበስለዋል። እስኪደርቅ ኦቨን ውስጥ የቆየ ኩኪስ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር አደራ የምለው አለ። ሁሉንም በአንዴ አትጋግሩ። መጀመሪያ አንዲት ፍሬ ብቻ ጋግራችሁ እዩ። ከተንጣለለች ሊጡ ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ፤ እንደ ድቡልቡል ኳስ ከቀረች ደግሞ አንድ ማንኪያ ውሃ። ጋዜጣ ሳይታተም በፊት ማረሚያ ቅጂ እንደሚወጣው ማለት ነው። ቅቤው ተቆጥሮ ለሚገዛበት ቤት ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም።

ለጾምና ኦቨን ለሌለው

በጾም ወቅት ቅቤውን በ100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ እንቁላሉን በግማሽ የተፈጨ ሙዝ፣ ወተቱን በውሃ መተካት ይቻላል። ዘይቱ ከቅቤው ልክ ያነሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቅቤ ውስጥ አምስት አንድ ያህሉ ውሃና ሌላ ነገር ነው፤ ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ ቅባት ነው። ሙዙ የእንቁላሉን የማያያዝ ሥራ በከፊል ይሸፍናል። ኩኪሱ ትንሽ ጠጠር ይላል፤ ይጣፍጣል ግን።

ኦቨን ከሌለ ወፍራም ድስት ውስጥ ጨው ወይም አሸዋ አንጥፎ፣ በላዩ ማስቀመጫ አድርጎ፣ ክዳኑን ገጥሞ 10 ደቂቃ ማጋል ነው። ከዚያ ኩኪሱ ያለበት ትንሽ ሳህን ማስቀመጫው ላይ ይገባና በመካከለኛ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቆያል። ከላይ የሚመጣው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ ፊቱ ብዙ አይጠቁርም። ለድፎ ዳቦ ከላይም እሳት የሚደረግበት ምክንያት ይኸው ነው።

ስንቅ ይሆናል ወይ?

ይሆናል። በሶም፣ ጭኮም፣ ዳቦ ቆሎም ሳይበላሹ የሚቆዩት ሻጋታ የሚፈልገውን ውሃ ስላጡ ነው። የአጃ ኩኪስም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ለስለስ ስለሚል ግን የዳቦ ቆሎን ያህል ዕድሜ የለውም። በደንብ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይታሸግ፤ እንፋሎቱ ታምቆ ያሻግተዋል። እውነቱን ለመናገር ዶርም ውስጥ ሁለት ሳምንት የሚደርስ ኩኪስ የለም። "አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው" ይባል የለ!

ስለ ጤናም አንድ ቃል ልበል። አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የተባለ በውሃ የሚሟሟ አሠር አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 የአጃ አምራቾች ይህን አሠር ከልብ ሕመም መቀነስ ጋር አያይዘው ማሸጊያ ላይ እንዲጽፉ ፈቅዷል። ልኩ ግን በቀን 3 ግራም ነው፤ ያን ለማግኘት 60 ግራም ገደማ ደረቅ አጃ ይፈልጋል። በእኛ ልኬት አንድ ኩኪስ ውስጥ ያለው አጃ 7 ግራም ተኩል ነው። ስምንት ኩኪስ ከነቅቤውና ከነስኳሩ በልቶ "ለልቤ ብዬ ነው" ማለት እንግዲህ አያስኬድም። ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን አንብቦ "ስንት?" ብሎ መጠየቅ የእኛ ሙያ ነው። ለጤና ከሆነ አጥሚቱ ይሻላል፤ ኩኪሱ ለሻይ ነው።

እንግዲህ ከመካከላችሁ የምግብ አምድ የሚያዘጋጅ ቢኖር የምጠይቀው ትንሽ ነው። አሠራሩ የትኛው ከፍታ ላይ፣ በምን ዓይነት ምድጃ እንደተሞከረ አንድ መስመር ይጻፍልን። ከየትእዛዙም አጠገብ ምክንያቱ ይቀመጥ። ሶዳው ለምን እንደሚገባ ያወቀች አንባቢ ደሴ ላይም ሆነ ድሬዳዋ ላይ ልኩን ራሷ ታስተካክላለች፤ ያላወቀች ግን ቅቤዋን ታከስራለች።