ስፖንጅ በሴንቲ ሜትር ብቻ አይገዛም

ስልክ ስንገዛ ካሜራውን፣ ራሙን፣ ባትሪውን አነጻጽረን ሦስት አራት ሱቅ እንዞራለን። ፍራሽ ስንገዛ ግን "ባለ ስንት ሴንቲ ነው?" ብለን ጠይቀን ከፍለን እንወጣለን። ስልኩን በሁለት ዓመት ልንቀይረው እንችላለን፤ ፍራሹ ላይ ግን በየቀኑ ሰባት ስምንት ሰዓት እንተኛለን።

አሁን አሁን ቤት ተከራይተው የሚወጡ ብዙ ወጣቶች ስፖንጅ በልካቸው አስቆርጠው፣ ደራርበው፣ ጨርቅ አሰፍተው ፍራሻቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ምን ላይ ምን እንደሚደረብ ማወቅ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ዴንሲቲን እንረዳ። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ስፖንጅ አለ ማለት ነው። ውፍረት የሚነግረን ስፖንጁ የያዘውን ቦታ ነው፤ ቶሎ ይጎደጉዳል ወይስ ይቆያል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ዴንሲቲው ነው። ከጥንካሬ ጋር ግን አታምታቱት። ሲጫኑት ደረቅ የሚል ስፖንጅ ዴንሲቲው ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ለስላሳውም ከፍተኛ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ጆርጅ አከርሎፍን ማስታወሱ አይቀርም። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አሳይቷል። ስፖንጅም እንደዚያው ነው። በጨርቅ ከተሸፈነ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስላል።

መፍትሔው ሚዛን ነው። 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ90 የሆነ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ 0.342 ሜትር ኩብ ይሆናል። "ዴንሲቲ 30 ነው" ከተባላችሁ ወደ 10 ኪሎ መመዘን አለበት። 6 ኪሎ ከሆነ ዴንሲቲው 18 አካባቢ ነው ማለት ነው። በቃ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ክብደት ለመጨመር የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚቀላቀልበት ስፖንጅ አለ። ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ስታሹትም ዱቄት ካራገፈ ተጠራጠሩ።

አደራረቡ ደግሞ ከባድ አይደለም። ከስር 10 ሴንቲ ሜትር፣ ዴንሲቲው 30 አካባቢ የሆነ ጠንካራ ስፖንጅ ሰውነትን ይሸከማል። ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ለስለስ ያለ ትከሻና ዳሌን ያሳርፋል። በጎኑ የሚተኛ ሰው የላይኛውን ትንሽ ወፈር ቢያደርግ ይሻለዋል፤ በጀርባው ወይም በሆዱ የሚተኛ ሳሳ ያድርገው። ክብደት ያለው ሰው የታችኛውን ያጠንክር። ሜሞሪ ፎም የምታስቡ ደግሞ ይህንን ዕወቁ፦ ሲበርደው ይጠጥራል፣ ሙቀትም ይይዛል።

ንብርብሩን በማስቲሽ አታጣብቁት። ሳይጣበቅ ጥሩ ልክ ባለው፣ ዚፕ ባለው ጨርቅ ከገባ፣ በየጊዜው ማገላበጥ ይቻላል፤ አንዱ ሲሞት እሱን ብቻ መቀየር ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አታንጥፉት፤ ከስር አየር ካላገኘ እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ አጠገቡ አታብሩ። ስፖንጅ እሳት በፍጥነት ይይዛል፣ ጭሱም መርዛማ ነው።

ዋጋውንስ? ለሒሳብ ያህል አንዱ 6 ሺህ ብር ሆኖ 2 ዓመት፣ ሌላው 9 ሺህ ሆኖ 5 ዓመት ቢያገለግል፣ የመጀመሪያው በዓመት 3 ሺህ፣ ሁለተኛው 1,800 ብር ያስወጣል። "ርካሹ" የቱ ነው?

ችግሩ 9 ሺሁን በአንድ ጊዜ ማግኘቱ ነው፤ ይገባኛል። ራስ መሥራት የሚጠቅመውም እዚህ ጋ ነው። ዘንድሮ ጥሩውን የታችኛውን ግዙና ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉበት፤ የላይኛው ብር ሲገኝ ይደርሳል። ሁለት መናኛ ስፖንጅ ከመደረብ አንድ ደህና መያዝ ይሻላል።