መብረቅ ከመውደቁ በፊት ጣራችን ምን ይሆናል?

በሐምሌ ወር ከቀትር በኋላ ሽሮ ሜዳ ላይ ቆመው ወደ እንጦጦ ቀና ብለው ያውቃሉ? ጠዋት ብሩህ የነበረው ሰማይ ይጠቁራል፤ ደመናው በባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ያንዣብባል፤ ነጎድጓዱ ማስገምገም ሲጀምር የጉለሌ ሰው ሁሉ ሰማዩን ይመለከታል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሊታሰብበት የሚገባው ሰማዩ ብቻ አይደለም፤ ከራሳችን በላይ ያለው ቆርቆሮም ነው። መብረቁ ገና ሳይወርድ፥ ደመናው ጣራውን ሳይነካው፥ በቆርቆሮው ውስጥ ብዙ ሥራ ተሠርቷል።

ይህ ሳይነካ የሚሠራ ኃይል በሳይንስ ቋንቋ ኢንደክሽን ይባላል። ጠባዩን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ባዶ ጣሳ፥ የፕላስቲክ ኩባያ፥ የሱፍ ሹራብና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያሳልፉበት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃሉ። ሙከራውን ግን በክረምት አይጀምሩት፤ እርጥበት ኤሌክትሪኩን ቶሎ ያሸሸዋል። አየሩ ደረቅ የሆነበት፥ ማታ ሹራብ ሲያወልቁ የሚንጣጣበት የታኅሣሥና የጥር ወራት ይሻላል።

ጣሳውን በኩባያው ላይ ያስቀምጡ። ቱቦውን በሹራቡ ደኅና አድርገው ይሹት፤ ከሱፉ ኤሌክትሮን ስለሚወስድ ኔጋቲቭ ይሆናል። አሁን ወደ ጣሳው ያስጠጉት፤ ነገር ግን አያስነኩት። ጣሳው ብረት ነውና ኤሌክትሮኖች በውስጡ እንደ ልብ ይዘዋወራሉ። ኔጋቲቭ ኔጋቲቭን ስለሚገፋ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ከቱቦው ይሸሻሉ። ስለዚህ በቱቦው በኩል ያለው የጣሳው ጎን ፖዘቲቭ፥ የወዲያኛው ጎን ኔጋቲቭ ይሆናል። ከውጭ የገባ፥ ወደ ውጭም የወጣ ነገር የለም፤ የነበረው ብቻ ተለያየ። ቱቦውን ቢያርቁት ሁሉም ወደ ስፍራው ይመለሳል።

ቁም ነገሩ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ቱቦው እንደ ተጠጋ ሳለ ጣሳውን በጣትዎ ይንኩት፤ የሸሹት ኤሌክትሮኖች በጣትዎ አልፈው ይሄዳሉ። ከዚያ መጀመሪያ ጣትዎን፥ ቀጥሎ ቱቦውን ያንሡ። ጣሳው ኤሌክትሮን ጎድሎበት ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል፤ የተንጠለጠለ ቀጭን ክር ቢያስጠጉለት ይስበዋል። ቅደም ተከተሉን አዛብተው መጀመሪያ ቱቦውን ቢያርቁ ግን የሄዱት በዚያው ጣት ይመለሳሉና ድካምዎ ከንቱ ይሆናል። እንግሊዛዊው ጆን ካንተን በ1753፥ ስዊድናዊው ዮሐን ቪልከ በ1762 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዚህን ኃይል ጠባይ መርምረው አስታውቀዋል።

አሁን ወደ ጉለሌ እንመለስ። ቱቦውን ደመና ነው ይበሉ፤ ጣሳውን የቆርቆሮ ጣራ። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ አብዛኛውን ጊዜ የደመናው ታችኛ ክፍል ኔጋቲቭ ይሆናል። እርሱም ከበታቹ ያለውን ኤሌክትሮን ወደ መሬት ይገፋል። ጣራው በእንጨት ላይ የተመታ፥ እንጨቱም ደረቅ ቢሆን ኖሮ መሄጃ ባጣ ነበር። ነገር ግን ዝናብ ያራሰው እንጨትና የጭቃ ግድግዳ በዝግታም ቢሆን ያሳልፈዋል። እርጥቡ ግድግዳ እንግዲህ የእርስዎን ጣት ሆነ ማለት ነው። ጣራው ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል፤ ደመናው እስካለ ድረስም ስቦ ይይዘዋል።

ከዚህ በኋላ መብረቁ ከዚያ ቤት ራቅ ብሎ ቢወድቅስ? ደመናው የያዘውን ኃይል በቅጽበት ያጣል፤ ቱቦው በድንገት እንደ ተነጠቀ ያለ ነው። በጣራው ላይ ተይዞ የነበረው ኃይል ያን ጊዜ የሚይዘው ያጣል፤ እርጥቡ ግድግዳ ደግሞ ለፈጣን ጉዞ አይመችም። ስለዚህ አሸንዳውን ወይም ከቆርቆሮው ጋር የታሰረውን የልብስ ማስጫ ሽቦ የያዘ ሰው መንገድ ሊሆነው ይችላል። መብረቁ ሌላ ስፍራ ወድቆ ሳለ ሰውየውን ይነዝረዋል።

መድኃኒቱም ከሙከራው ይገኛል፤ ይኸውም ለኃይሉ ቀና መንገድ ማበጀት ነው። ቆርቆሮው በወፍራም ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ከተያያዘ ኃይሉ በሰው ላይ ሳይሆን በሽቦው ያልፋል። ሥራው ግን የባለሙያ ነው፤ መብረቁ ራሱ ጣራው ላይ ቢወድቅ 30,000 አምፔር ያህል ሊያልፍበት ይችላልና።

በእንጦጦ ጎዳና ወይም በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሲዘዋወሩ ጠጉርዎ በድንገት ቢቆም ይህን ያስታውሱ፤ ጣሳው አሁን እርስዎ ነዎት። ባሕር ዛፍ ሥር አይጠለሉ፤ በረጅም ዛፍ ላይ የወደቀ መብረቅ ከግንዱ ወደ ሰው ይዘላል። በመሬትም ላይ አይተኙ። ፈጥነው ወደ ደኅና ሕንፃ ወይም ጣራው ብረት ወደ ሆነ መኪና ይግቡ፤ መስኮቱንም ይዝጉ። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ይቁጠሩ፤ 3 ሰኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይታገሡ።

ደመናው ሳይነካን ይሠራብናል፤ እኛም ሳይነካን ልንጠነቀቀው እንችላለን።