ደረቅ ወይን የተበላሸ ወይን ነው?

ቁይ ከተማ ላይ ጠጅ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ከሽታው ብቻ መብሰል አለመብሰሉን የሚናገሩ እናቶች አሉ። የወይን ጠጅ ነገር ሲነሳ ግን የተባለው ሁሉ ሳይጠየቅ ያልፋል። ግሪክ አገር ከአንዱ ወይን ጠማቂ ወደ ሌላው እየዞሩ በመቅመስ አንድ ቀን ማሳለፍ የብዙ ጎብኚዎች ልማድ ነው። የእኛ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ሰው እዚያ የቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ መጀመሪያ የሚፈተነው «ጥሩ ወይን ጣፋጭ ነው፣ የሚኮመጥጠው ተበላሽቷል» የሚለው እምነቱ ነው።

ሳንቶሪኒ በምትባለው የግሪክ ደሴት ላይ ቀድሞ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ አሲርቲኮ ከሚባለው ፍሬ የተጠመቀ ነጭ ወይን ነው። ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። አልተበላሸም፤ እርሾው የፍሬውን ስኳር በልቶ ወደ አልኮል ለውጦታል። ጠጅ የሚጥል ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ብርዙ ማር ማር ይላል፤ ጌሾው ገብቶ ሲሰነብት ማሩ እየተበላ ይከርራል። ጠጅ ቤት ገብተን «ደረቅ» ብለን የምናዘው ይኸው ነው። ከአዋሽ ወይን ጠጆችም አክሱሚት ጣፋጭ፣ ጉደር ደረቅ ነው። በእርግጥ የተበላሸ ወይን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ቀማሹ ብርጭቆውን አዙሮ አፍንጫውን የሚያስቀድመውም አንድም ለዚህ ነው። ከዚያ በአፉ አገላብጦ በተዘጋጀለት ዕቃ ይተፋዋል። ቅምሻ ማለት ስካር የሚመስለው ካለ፣ ሙያተኛ ቀማሽ ቀኑን ሙሉ ቀምሶ በእግሩ የሚመለሰው በዚህ ነው።

«የግሪክ ወይን ሁሉ ሙጫ ሙጫ ይላል» የሚባለውም ትክክል አይደለም። የጥድ ሙጫ የሚገባበት ሬትሲና የሚባለው ብቻ ነው። ለእኔ እንዲያውም ጌሾ ከለመደ ምላስ የሚርቅ ጣዕም አይደለም።

ዝም ተብሎ ሊታለፍ የማይገባው ግን «ቀይ ወይን ደም ይሞላል» የሚለው ነው። ለአራስ፣ ደም ለፈሰሰው፣ አንዳንዴም ለነፍሰ ጡር «ትንሽ ቅመሺ» እየተባለ ይሰጣል። ቅላቱ የመጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው። የአብዛኛው ጥቁር ወይን ጭማቂ ራሱ ነጣ ያለ ስለሆነ፣ ልጣጩ ቶሎ ከተለየ ከጥቁር ፍሬም ነጭ ወይን ይወጣል። ቀለሙ ከደም ጋር ዝምድና የለውም። ደም የሚያንሰው በአብዛኛው ሰውነት ብረት ሲያጣ ነው፤ በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ ከልጣጩ የሚወጣው፣ ድድ የሚያኮማትረው ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው ብረት ወደ ሰውነታችን እንዳይገባ ያውካል። አልኮሉ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ ለነፍሰ ጡር ደህና ነው የሚባል መጠን አልተገኘም። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለማንም ሰው ቢሆን ከጉዳት ነፃ የሆነ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ደም ያነሳት እናት ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር፤ የሚያስፈልጋት የብረት እንክብል ከሆነ እዚያው ይታዘዝላታል። እናት «ትንሽ ቅመሺ» በሚለው ምክር ስትጎዳ ያሳዝናል፤ ምክሩ የሚመጣው ከሚወዷት ሰዎች ነውና።

ሌላው «ቅዳሴ ላይ የሚቀርበው ከሱቅ የተገዛ ወይን ጠጅ ነው» የሚለው ግምት ነው። ምዕመናን ከዕጣንና ከጧፍ ጋር ዘቢብ የሚያመጡት ለምን ሆነና? ዘቢቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቤተልሔም ውስጥ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን በቆየበት ጊዜ ከዘቢብ መዘጋጀቱን አይቶ ጽፏል። ሳንቶሪኒም ላይ ዘቢብ ለመሆን የተቃረበ ወይን አለ። ፍሬውን ፀሐይ ላይ አስጥተው ውሃው ሲቀንስና ስኳሩ ሲጠነክር ይጠምቁታል፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንጨት በርሜል ያቆዩታል። ቪንሳንቶ ይሉታል፤ ጣፋጭ ስለሆነ በቅምሻው መጨረሻ ይቀርባል። የእኛው የቅዳሴ ዘቢብ ጭማቂ ግን እንዲፈላ አይጠበቅም፤ ለዕለቱ ቅዳሴ ይዘጋጃል።

«ወይን የፈረንጅ ምድር ተክል ነው» ለሚል ደግሞ ባቱ ሩቅ አይደለችም። ወይን አምራቹ ካስቴል ኩባንያ እዚያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ አቅርቧል። ጉማሬና ጅብ ወደ እርሻው እንዳይዘልቅ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል።