እበት የሚቀበለው ልጅ

ወሎ ውስጥ ባለችው በወግዲ ጤፍ የሚወቃው በታኅሣሥና በጥር ነው። አውድማው አስቀድሞ በእበት ተለቅልቆ ይደርቃል፤ ነዶው ተፈቶ ይበተናል፤ በሬዎቹ ጎን ለጎን ተቆራኝተው መዞር ይጀምራሉ። ልጅ ሳለሁ የእኔ ድርሻ ከበሬዎቹ ኋላ እየተከተልሁ እበት መቀበል ነበር። በሬው ጅራቱን ቀና ሲያደርግ እፍኝ ገለባ ይዤ እደርሳለሁ፤ እህሉ ላይ ሳይወድቅ እቀበልና ከአውድማው ውጭ ጥዬ እመለሳለሁ። አያቴ ከመሀል ሆነው "ዐይንህን ከጅራቱ አትንቀል!" ይሉኛል። የተዘናጋሁ እንደሆነ ሁሉም ነገር ይቆማል። በሬዎቹ ይያዛሉ፣ የተበላሸው ጤፍ ተለቅሞ ይወጣል፣ ከዚያ ማበራየቱ እንደገና ይቀጥላል።

ዛሬ እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የጃቫና የሲ ሻርፕ ፕሮግራሞች ሲሠሩ ከኋላ እየተከተለ የሜሞሪ ቆሻሻ የሚያነሣላቸው ክፍል አለ። ስሙ ጋርቤጅ ኮሌክተር ነው፤ እኛ ባጭሩ ጂሲ እንለዋለን። ይህ ክፍል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ስልቱ የተለያየ ነው፤ የትኛው ስልት ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን መምረጥ ደግሞ የባለሙያው ፋንታ ነው። ብዙዎቻችን ግን ሳንመርጥ እንኖራለን፤ ማሽኑ ይመርጥልናል። ይህ ነገር ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ያልመረጥነው ስልት የሚያመጣው መዘዝ የሚያርፈው መስኮት ፊት ተሰልፎ "ሲስተም የለም" በሚባለው ሰው ላይ ነው።

አንድ ፕሮግራም ሥራ ላይ ሲሆን ስም፣ ቀን፣ ቁጥር ለመያዝ ከሜሞሪ ቁራሽ ቁራሽ ቦታ ይወስዳል። በሲ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የወሰደውን ራሱ መመለስ አለበት። ከረሳ ሜሞሪው ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ገና የሚያስፈልገውን ቀድሞ ከመለሰ ደግሞ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። ጃቫና ሲ ሻርፕ ይህን ሸክም ከጸሐፊው ትከሻ አውርደው ለጂሲ ሰጡት። ጂሲ ቆሻሻን ፈልጎ አያገኝም። የሚፈልገው ሕያዋኑን ነው። ፕሮግራሙ አሁን በእጁ ከያዛቸው ነገሮች ተነሥቶ "ይህ ማንን ይጠራል? እሱስ ማንን?" እያለ ይከተላል። በዚህ መንገድ የተደረሰበት ሁሉ ሕያው ነው፤ ማንም የማይጠራው ነገር እንደ ሞተ ይቆጠርና ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ቆጠራው የሚከብደው ሕያዋኑ በበዙ መጠን ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። ጆን ማካርቲ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ በኤምአይቲ ሲሠራ ነው የጀመረው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥም ይገኛል። ማካርቲ ራሱ ኋላ የተረከው አንድ ታሪክ አለ። ሊስፕን በእንግዶች ፊት እያሳየ ሳለ ሜሞሪው ሞላና ጽዳቱ ተነሣ። ፕሮግራሙም በሰከንድ ዐሥር ፊደል በምትመታ የጽሕፈት መኪና "ቆሻሻ ሰብሳቢው ተጠርቷል" የሚል መልእክትና የጽዳቱን ዝርዝር ቁጥር መዘርዘር ጀመረ። ማሳያው በዚያው ተቋረጠ፤ እንግዶቹም ሳቁ። ያኔ የጠበቁት እንግዶች ነበሩ። ዛሬ የሚጠብቀው የባንክ ደንበኛ ነው፣ የጤና ባለሙያ ነው፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ነው።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል? አንድ ስም እንውሰድ፤ "ይመር" ይሁን፣ ወሎ ውስጥ የማይጠፋ ስም። ከጃቫ 9 ወዲህ በላቲን ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ለአንድ ፊደል 1 ባይት ይበቃዋል፤ የግዕዝ ፊደል 2 ባይት ይወስዳል። በላቲን ሲጻፍ አምስት ፊደል ስለሚሆን 5 ባይት፣ በግዕዝ ሦስት ፊደል ስለሆነ 6 ባይት ማለት ነው። ታዲያ በተለመደው ባለ 64 ቢት ጃቫ ላይ ለስሙ ማሰሪያና ማሸጊያ የሚወጣው ሲደመር ሁለቱም እኩል 48 ባይት ይሆናሉ። በአማርኛ መሥራት ማሽኑን ያከብደዋል የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ቢያዩት እወዳለሁ። ዐሥር ሺህ ስም የያዘ ዝርዝር አንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ሲወጣ ለስሞቹ ብቻ 480 ሺህ ባይት ሄደ ማለት ነው። ገጹ ከታየ በኋላ ያ ሁሉ ውዳቂ ነው።

አብዛኛው ነገር እንዲህ ተወልዶ ወዲያው ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በተለይም ዴቪድ አንጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ሥራ፣ ይህ ጠባይ ጥቅም ላይ ዋለ። ሜሞሪው በዕድሜ ይከፈላል፤ ወጣቶቹ ያሉበት ቶሎ ቶሎ ይጸዳል፤ ደጋግመው ከጽዳት የተረፉት ወደ ሽማግሌዎቹ ክፍል ይዛወራሉ። ሲ ሻርፕ የሚሠራበት የማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት ትውልዶቹን 0፣ 1፣ 2 ብሎ ይጠራቸዋል። 85,000 ባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ለብቻው ወደ ተለየ ክፍል ይገባል፤ የሚጸዳውም ከትውልድ 2 ጋር ነው። የወጣቶቹ ጽዳት ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ያልፋል። ሰው የሚያማርረው ሽማግሌዎቹ ሲቆጠሩ ነው።

አሁን ወደ አውድማው ልመለስ። እበቱን ለማንሣት ሦስት መንገድ አለ። በሬዎቹን አቁሞ አንድ ሰው ብቻውን ሊያጸዳ ይችላል። የጃቫው ሲሪያል ይህ ነው። ወይም በሬዎቹ ቆመው ደቦ ሊጠራ ይችላል። ያለው ሰው ሁሉ ተረባርቦ ባጭር ጊዜ ይጨርሳል፤ ይህ ፓራለል ነው። በጠቅላላ ብዙ ሥራ ለማውጣት ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሌሊት ለሚሠራና ማንም ለማይጠብቀው ሥራ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ልጁ ነው። በሬዎቹ ሳይቆሙ ከኋላ እየተከተለ ይቀበላል። ዜድ ጂሲና ሸናንዶዋ የዚህ ወገን ናቸው። ዜድ ጂሲ በጃቫ 15፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ለመደበኛ ሥራ ተፈቀደ፤ ትውልድ መለየት የጀመረው በጃቫ 21 ነው። ፕሮግራሙን የሚያቆምበት ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፤ ይህም ሜሞሪው ትልቅም ይሁን ትንሽ አይለወጥም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን ልጁን አይመርጥም? ልጁም ጉልበት ይበላል። አብሮ የሚሠራ ሰብሳቢ የራሱን የፕሮሰሰር ድርሻ ይወስዳል፤ እየሰበሰበ ሳለ አዲስ ቆሻሻ ስለሚጨመርም ትርፍ ሜሞሪ ይፈልጋል። ልጁ ከበሬዎቹ ፍጥነት ወደ ኋላ ከቀረ እኔ ስዘናጋ ይሆን የነበረው ይሆናል። አዲስ ቦታ የጠየቀው ሥራ ጽዳቱ እስኪደርስለት ቆሞ ይጠብቃል።

ከጃቫ 9፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መደበኛው ስልት ጂ1 ነው። ጂ1 በመሀል የቆመ ሸምጋይ ነው። ሜሞሪውን በእኩል ክፍሎች ይቆርጥና ቆሻሻ የበዛባቸውን አስቀድሞ ያጸዳል። አንድ ጊዜ ሲያቆም ከ200 ሚሊ ሰከንድ ላለማለፍ ይሞክራል፤ ቁጥሩን ባለሙያው ሊቀይረው ይችላል። ልብ በሉ፣ 200 ግብ ነው፤ ዋስትና አይደለም።

በዶት ኔት በኩል ምርጫው ወርክስቴሽን እና ሰርቨር ይባላል። ሰርቨር ማለት ደቦው ነው፤ ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር የራሱ ሜሞሪና የራሱ ጽዳተኛ ሊመደብ ይችላል። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ስለተጫነ ብቻ ይህ ስልት ይገባዋል ማለት አይደለም። ባለ 8 ኮር ማሽን ላይ ዐሥር ፕሮግራም በዚህ ስልት ቢጫን እስከ 80 ጽዳተኛ በ8 ኮር ላይ ሊጋፋ ይችላል። ማሽኑ አንድ ኮር ብቻ ካለው ደግሞ ሰርቨር ብላችሁ ብታዙትም ዶት ኔት ትእዛዙን ትቶ በወርክስቴሽን ይሠራል። ብቻውን ደቦ የሚወጣ ሰው የለምና ትክክል ነው።

ይህ ሁሉ ወግዲን ምን ይመለከታታል? ከጤና ጣቢያው የሚወጣው ወርሃዊ ሪፖርት የሚገባው ዲኤችአይኤስ2 በተባለ ሥርዓት ውስጥ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ነው፤ አሁን የሚያሳድገው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይጠቀምበታል። የተጻፈው በጃቫ ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜን ያውቃል፤ በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሁለት ጠባይ አለው። ቀን ባለሙያው ቁጥር ያስገባል፤ ያን ጊዜ መቆም ያስመርራል። ሌሊት የትንተና ሠንጠረዦች ይሠራሉ፤ ያን ጊዜ የሚጠብቅ ሰው የለም። ጃቫ ሰብሳቢውን የሚመርጠው ሲነሣ አንድ ጊዜ ነውና በመሀል መቀየር አይቻልም። ስለዚህ የሚመረጠው ሰው ለሚጠብቅበት ሰዓት መሆን አለበት። የሌሊቱ ሥራ ደግሞ ትልቁ ክፍል በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚሠራ ጂሲ በእሱ ላይ ሥልጣን የለውም።

ከወግዲ ሆኖ ለሚሠራ ሰው የ200 ሚሊ ሰከንድ መቆም አይታወቅም፤ የኔትወርኩ መዘግየት ይውጠዋል። የስድስት ሰከንድ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ገጹ አልመጣ ሲል ሰው ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ሜሞሪ ይይዛል፤ ሌላ ቆሻሻ ይፈጥራል፤ ጽዳቱ ይበልጥ ይረዝማል። ሃያ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ሥርዓቱ ይዘጋል፤ መስኮቱ ላይም "ሲስተም የለም" ይባላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትይዘው የአንድሮይድ ታብሌት እንኳ ጂሲ አለው። እዚያ ላይ ምርጫ የለም፤ ስልቱን የሚወስነው አንድሮይድ ነው። ለጸሐፊው የቀረለት ቆሻሻ መቀነስ ብቻ ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የጃቫ ሥርዓት ተክዬ ነበር። ማሽኑ አንድ ኮርና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው። ወሩ ሊዘጋ ሲል ስክሪኑ ይደርቃል። ሦስት ወር ሙሉ "ኔትወርክ ነው" አልን፤ እኔም አልሁ። ሰዎች ከማለዳ ጀምረው ተጉዘው መጥተው ሳይስተናገዱ ተመለሱ። ያንን ሳስብ አሁንም ያመኛል፤ ምክንያቱም መልሱ አንድ ፋይል ውስጥ ይገኝ ነበር።

በመጨረሻ የጂሲ መዝገቡ እንዲጻፍ አደረግሁ። የመጀመሪያው መስመር "ሲሪያል" ይላል። እኔ ጂ1 ነው ብዬ አምን ነበር። ጃቫ ሲነሣ ማሽኑን ያያል፤ ከሁለት ፕሮሰሰር ወይም ከ1792 ሜጋባይት በታች ከሆነ አነስተኛ ነው ብሎ ለሲሪያል ይሰጠዋል። ለፕሮግራሙ የሚፈቅደውም ሌላ ካልተባለ የማሽኑን ሜሞሪ ሩብ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት 1 ጊጋባይት ማለት ነው። ወረድ ብሎ ሙሉ ጽዳት ይነበባል፦ ከ1010 ሜጋባይት ወደ 985፣ 5.8 ሰከንድ። ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ስድስት ሰከንድ ለፍቶ ያስለቀቀው 25 ሜጋባይት ብቻ ነው። ቆጠራው በሕያዋኑ ብዛት ይከብዳል ብዬ ነበር፤ እዚህ ሁሉም ሕያው ነው። የሪፖርቱ ኮድ የዓመቱን መዝገብ በሙሉ አንድ ጊዜ ሜሞሪ ውስጥ ጎልቶታል፤ ጂሲ የሚጥለው ነገር አልነበረውም።

መጀመሪያ ስልቱን ቀየርሁ። ዜድ ጂሲን አስገባሁ፤ ባሰበት። ኮሩ አንድ ነውና ሰብሳቢውና ፕሮግራሙ በአንድ ወንበር ተጣሉ። አንድ ልጅ በሬም እየነዳ እበትም እንዲቀበል ማዘዝ ነበር። ወደ ሲሪያል መለስሁት። የፕሮግራሙን ሜሞሪ 2 ጊጋባይት አደረግሁ። ኮዱም መዝገቡን አምስት መቶ አምስት መቶ ረድፍ እያነበበ እንዲሠራ አስተካከልሁ።

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢም ሆነ ሌላ ቦታ ሆነው ኮድ የሚጽፉ ልጆች ይህን ቢያነቡ፣ ስለ ስልቶቹ ከመከራከር በፊት የጂሲውን መዝገብ እንዲከፍቱ እለምናለሁ። በመጀመሪያ የሚታየው የሰብሳቢው ስም ነው። ቀጥሎ ከጽዳት በኋላ የሚቀረው ቁጥር ይታይ፤ እሱ ከተፈቀደው ሜሞሪ ጋር ከተቀራረበ ምንም ስልት አያድንም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሆኖ መቆሙ ብቻ ረዥም ከሆነ ግን፣ ያን ጊዜ ኮሮቹ ተቆጥረው ስለ ጂ1 ወይም ስለ ዜድ ጂሲ መነጋገር ይቻላል።

እኔም ኮዱን ካስተካከልሁ በኋላ በመጣው ወር መዝጊያ ፋይሉን ከፍቼ ተቀመጥሁ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሙሉ ጽዳት ተጻፈ፦ ከ1640 ሜጋባይት ወደ 210፣ 0.9 ሰከንድ። እስከ ማታ ሌላ አልመጣም።