ተጨማሪ መረጃ፦ ሠራዊት የሚይዘው ምድርና የተፈጥሮ በረከቱ ዋጋ

በ17ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ከተሙ፤ የዚያ ዘመን የነገሥታት ሰፈርም ብዙ ጭፍራና እንስሳት የሚከተሉት በመሆኑ፣ ማገዶውና ግጦሹ በተመናመነ ጊዜ ወደ ሌላ ሥፍራ መዛወሩ የተለመደ ነበር። በዚያው ዳርቻ ግን የደብረ ሲና ማርያም ዐጸድ፣ እንደ ሌሎቹ የጣና አድባራትና ገዳማት ሁሉ፣ በሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን እየተጠበቀ ዛፉን ይዞ ኖሯል።

ሠራዊት ግን ምድርን ሁልጊዜ አያራቁትም፤ ሕዝብ እንዳይገባበት የከለከለው ምድር ሳይታሰብ የአራዊትና የአዕዋፍ መጠጊያ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለቱን ኮሪያዎች የለየው፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀጠና ለዚህ ምስክር ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የእንዲህ ያለውን ምድር ጥቅም በሦስት ይከፍሉታል፦

• ተወስዶ የሚሸጠው፦ ሣር፣ እንጨት፣ ማር፤ በገበያ ዋጋ ይተመናል።
• ሳይሸጥ የሚያገለግለው፦ አፈርን መያዝ፣ ውኃን ማጥራት፤ ይህንኑ ሥራ በሰው ሠራሽ መንገድ ለመተካት በሚጠይቀው ወጪ ይገመታል። የጣና ደንገል ደለልን ማስቀረቱ ከዚህ ወገን ነው።
• ለመጪው ትውልድ መኖሩ ብቻ የሚከበረው፦ ሰዎች ለጥበቃው ሊከፍሉ የሚፈቅዱትን በመጠየቅ ይለካል።

ከእነዚህ ጥቅሞች ድምርም ላይ የሠራዊቱ የተኩስ ልምምድ የሚያስከትለው ቃጠሎ፣ የጥይት ቅሪትና የአፈር ብክለት ጉዳት ይቀነሳል፤ ይህ ተቀናሽ የተዘለለበት ግመታ ምሉእ አይባልም።