ያውቁ ኖሯል? እልልታው አብሮ የተቀዳባቸው ሙዚቃዎች

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? የኢትዮጵያ ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀዳው በአገር ቤት ሳይሆን በጀርመን ነው። ዘፋኙ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ዘመኑም ከ1908 እስከ 1910 ነበር። ነጋድራስ ተሰማ ወደዚያ የሄዱት ሊዘፍኑ አልነበረም፤ የዐፄ ምኒልክን አውቶሞቢል የመንዳትና የመጠገን ሙያ እንዲማሩ ተልከው ነው። በዚያን ጊዜ ማይክራፎን የሚባል ነገር ለቀረጻ አይውልም ነበር። ዘፋኙ አፉ ሰፊ በሆነ መለከት ፊት ይቆማል፣ ድምፁ መርፌውን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌውም ሰሙን ይቆርጣል። ተሳስቶ ማረም፣ ቆርጦ መቀጠል፣ ሌላ ድምፅ በላዩ መደረብ የሚባል ነገር አልነበረም። የተዘፈነው እንደተዘፈነ ይቀራል። ስለዚህ የሙዚቃ ቅጂያችን ታሪክ የተጀመረው በዛሬው አጠራር “ላይቭ” በምንለው ነው ማለት ይቻላል።

ያውቁ ኖሯል? በአገር ቤት በግል ድፍረት ሸክላ ማሳተም የጀመረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። ዓመቱ 1969 ነበር። ሸክላ የማሳተም ፈቃድ በሕግ ለአንድ ተቋም ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ ያንን አልፎ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር።

ዓለማየሁ “የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን” ይባል እንደነበር የማያውቅ ጥቂት ነው። ግን ይህንንስ ያውቁ ኖሯል? ዋናው ጄምስ ብራውን በኒው ዮርክ አፖሎ ቲያትር፣ ጥቅምት 1962፣ ሕዝብ በተሞላበት አዳራሽ ዘፈኑን ለማስቀዳት ሲጠይቅ የሸክላ ኩባንያው አይሸጥም ብሎ እምቢ አለው። ወጪውን ከራሱ ኪስ ከፈለ። አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ያን ቅጂ የሰማ ሰው ከብራውን ድምፅ እኩል የሚያስታውሰው ከፊት ወንበር የሚጮኹትን ሴቶች ነው።

ጭብጨባ ግን ሊያታልልም ይችላል። የዱክ ኤሊንግተን ታዋቂ የኒውፖርት ፌስቲቫል አልበም፣ በ1956 በሸክላ ሲወጣ፣ አብዛኛው ክፍል ከፌስቲቫሉ በኋላ በስቱዲዮ እንደገና የተጫወቱት ነበር። የሕዝቡ ጩኸትም ተለጥፎበታል። ጩኸቱ የተለጠፈበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ሳክስፎኒስቱ ፖል ጎንሳልቬስ ያን ቀን ምሽት በአንድ ትንፋሽ እስኪመስል ድረስ 27 ዙር ሲጫወት፣ ፊቱን ያዞረው ወደ ሸክላ ኩባንያው ማይክራፎን ሳይሆን ወደ አሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ማይክራፎን ነበር። የራዲዮው ቴፕ ከዘመናት በኋላ ተገኝቶ፣ ሁለቱ ቅጂዎች ተዋሕደው እውነተኛው ምሽት በ1999 ለአድማጭ ደረሰ። 43 ዓመት መሆኑ ነው። የአንድ ራዲዮ ጣቢያ መዝገብ ቤት ቴፑን ጥሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬም የምንሰማው የስቱዲዮውን ነበር።

ኤሊንግተን ራሱ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ እንደነበር፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሜዳሊያ እንደተቀበለ፣ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት እንደተጫወተ ያውቁ ኖሯል?

ከእሱ ቀጥሎ አዲስ አበባ የተጫወተው የአሜሪካ ትልቅ ባንድ ከቦስተን አካባቢ የመጣው “ኢዘር ኦርኬስትራ” ነው ይባላል፤ እሱም በጥር 2004። እኔ በአገር ቤት መድረክ ከተቀዱት ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። እንግዶቹ የኢትዮጵያን ዜማ ከሸክላ ላይ አጥንተው መጡ። ከዚያ የሸክላዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው መድረክ ላይ ወጡ፦ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ባሕታ ገብረ ሕይወት፤ ከወጣቶቹም ፀደኒያ ገብረማርቆስና ሚካኤል በላይነህ። በሁለት ሲዲ ተከፍሎ በ2005 በ“ኢትዮፒክስ” ተከታታይ 20ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። የሚያስደስተኝ የሙዚቀኞቹ ብቃት ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ሕዝብ ዜማውን ገና ከመግቢያው ሲያውቀውና ሲቀበለው ይሰማል። ያ አቀባበል በቦስተን ስቱዲዮ አይገኝም፤ በገንዘብም አይገዛም።

ጌታቸው መኩሪያን ካነሳን፣ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተው እሱ ነው። ጦር ሜዳ የሚያቅራራውን ጀግና ድምፅ በነሐስ ቱቦ አወጣው። በ2000ዎቹ “ዘ ኤክስ” ከተባለው የኔዘርላንድ ባንድ ጋር ሆኖ የአውሮፓን መድረኮች አንቀጠቀጠ፤ “ሞዓ አንበሳ” የተባለው አልበማቸው የዚያ ጉድኝት ፍሬ ነው። ጌታቸው በ2016 አረፈ።

ያውቁ ኖሯል? ማህሙድ አህመድ ወደ መድረክ የወጣው በአጋጣሚ ነው። ሊስትሮ ሠርቷል፤ ቀጥሎም አሪዞና በሚባል የአዲስ አበባ ክለብ ተቀጥሮ ይላላክ ነበር። አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር “እኔ ልሞክር” አለ። ከዚያ ክብር ዘበኛ፣ ከዚያ አይቤክስና ሮሃ ባንድ፣ ከዚያ ዓለም። በፓሪስ መድረክ የተቀዳ አልበምም አለው፤ አስቴር አወቀም በለንደን መድረክ የተቀዳ አላት። ሁለቱም በስደት የሚኖረው ወገን ናፍቆቱን በአዳራሽ ሲያሰማ የቀሩ ምስክሮች ናቸው። ማህሙድ በ2025 መጀመሪያ፣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት፣ በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ታዲያ ሆቴሎቹ ምን ያደርጉ ነበር? በሩን ይቆልፉታል! የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ትንፋሽ የረዘመው፣ ኦርጋኑና ጊታሩ አንድን ዜማ ሳይቸኩሉ የሚያሹት በዚህም ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 ያወጣው “ወደ ሐረር ጉዞ” የተቀዳው በስቱዲዮ ሳይሆን በጊዮን ሆቴል ክለብ ውስጥ ነው። ቀረጻው በ3 ቀን አለቀ።

የኃይሉ ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም፤ ቀሪው የአማራ ክልልን ይነካል። ኃይሉ የሚጫወትበት ሌላው ባንድ፣ ዋልያስ፣ በ1981 አሜሪካን ሲዞር እሱ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሲዘዋወር የኃይሉን ካሴት አገኘ። ስልኩን አፈላልጎ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2016 ብሩክሊን ውስጥ ያቀረበው ኮንሰርት ተቀድቶ በ2023 አልበም ሆኗል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሰው ያን ካሴት “አሮጌ ነው” ብሎ ባለመጣሉ አንድ ሙሉ የመድረክ ሕይወት ተመለሰ።

ካሴት ካነሳን አይቀር፣ ከካሴቱ ጀርባ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት 2 ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ለምን እንደተሠሩ ያውቁ ኖሯል? ጥርሱ ከተሰበረ በላዩ ላይ ሌላ ድምፅ መቅዳት አይቻልም። ቤት ውስጥ የሰርግ ወይም የለቅሶ እንጉርጉሮ የቀዳ ብልህ ሰው ጥርሱን ይሰብር ነበር። ልጆች ደግሞ ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በፕላስተር ደፍነው አዲስ ዘፈን ከራዲዮ ይቀዱበታል። ስንት የአያት ድምፅ በዚህ መንገድ ጠፋ!

ያውቁ ኖሯል? እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በአዲስ አበባ ቤተሰብ ቤት ውስጥ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ለራሳቸው በካሴት የቀዷቸው ዝማሬዎች ከሞታቸው በኋላ በ2024 ታትመዋል። ፒያኖው ከኋላ፣ ድምፃቸው ከፊት፣ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ወፎች ይሰማሉ። አድማጭ አልነበረም፤ ወፎቹ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ቅጂ “ማጽዳት” የሚፈልግ የድምፅ ባለሙያ እጁን ቢሰበስብ ይሻላል።

በፍጥነት ሦስት ነገር፦ ኪዝ ጃሬት በ1975 በኮሎኝ የተጫወተው ፒያኖ የተበላሸና ትንሽ ነበር፤ አልበሙ ግን በዓለም እጅግ ከተሸጡት የፒያኖ ቅጂዎች አንዱ ሆነ። የፌላ ኩቲና የጂንጀር ቤከር የ1971 “ላይቭ” አልበም የተቀዳው ለንደን በሚገኝ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ተጋባዥ ታዳሚ ተቀምጦ ነው። አሬታ ፍራንክሊን በ1972 በሎስ አንጀለስ ቤተ ክርስቲያን የዘመረችው ሲቀረጽ ምስሉና ድምፁ ሊገጥም ስላልቻለ ፊልሙ የታየው በ2018 ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ሐዋሳ አካባቢ እንምጣ። ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ሻሸመኔን ቦብ ማርሊ በ1978 እንደጎበኛት ያውቁ ኖሯል? ማርሊን ለዓለም ካስተዋወቁት ቅጂዎች ዋናው በለንደን ላይሲየም ቲያትር በሐምሌ 1975 የተቀዳው ነው። “ኖ ውማን ኖ ክራይ” ከዚያ በፊት በስቱዲዮ ወጥቶ ነበር፤ ሰው በልቡ ያስቀረው ግን ሕዝቡ ከመግቢያው ጀምሮ ሲዘፍን የሚሰማበትን የመድረኩን ቅጂ ነው። 60ኛ የልደት በዓሉ በየካቲት 2005 በመስቀል አደባባይ ሲከበር የነበረው ሕዝብ ቁጥር ስፍር አልነበረውም፤ ያም በፊልም ተቀርጿል።

ወደ ደቡብ ዝቅ ስንል የደራሼዎች ፊላ አለ። በቀርከሃ ከተሠሩት ዋሽንቶች እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው ጎረቤቱ ሲመልስለት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ይህን ሕዝብ በየቃለ ምልልሱ ያነሳል፤ ለጃዝ የረቀቀ የሚባለውን ስኬል ደራሼዎች ከጥንት ያውቁታል ይላል። የጋሞ ዶርዜዎች ደግሞ ብዙ ድምፅ በአንዴ አቀነባብረው ሲዘፍኑ የተቀዳው በ1977 በፈረንሳይ በሸክላ ታትሟል። ሁለቱንም አንድ በአንድ ስቱዲዮ አስገብተው ቢቀዷቸው ሙዚቃው ይፈርሳል፤ አንዱ ሌላውን ማየትና መስማት አለበት።

ቄጣላ የሚባለው የሲዳማ የኅብረት ጭፈራም እንዲሁ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ቀኑ በየዓመቱ ቋሚ አይደለም፤ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ይወስኑታል። በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ቡርሳሜ የሚባለውን ባህላዊ ምግብ ይቀምሳሉ። በጨምበላላ ቀን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የጉዱማሌ አደባባይ ይሞላል። ቄጣላ ከሩቅ ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ቃሉ አይደለም፤ የእግሩ ምት ነው። ምድሩ ከበሮ ይሆናል። ከዚያ መሪው ያወጣል፣ መቶው ሰው ይቀበላል፣ በዳር የቆመው ተመልካችም ሳያስበው ይቀበላል። ማን ዘፋኝ፣ ማን አድማጭ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሐዋሳ ውስጥ በስቱዲዮ በኪቦርድ ታጅበው የተሠሩ የሲዳምኛ ዘፈኖችን እወዳለሁ፤ ግን የጉዱማሌን ድምፅ በኪቦርድ የሠራ እስካሁን አልሰማሁም።

ያውቁ ኖሯል? ስልካችን እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚያበላሸው እኛን ለመርዳት ሲል ነው። ድምፅ ሲበረታ ስልኩ ወዲያው ይቀንሰዋል፣ ሲደክም ያጎላዋል። ስለዚህ መሪው ብቻውን ሲያወጣና ሕዝቡ ሲቀበል እኩል ሆነው ይሰማሉ፤ የቄጣላ ውበት ግን በዚያ ልዩነት ላይ ነው። ከክቡ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መቆም፣ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ በጀርባ መከለል፣ የስልኩን ማይክራፎን በጣት አለመሸፈን ብዙ ለውጥ ያመጣል። መሪው ዜማውን ሲጀምር ቀድቶ ሳይጨርስ ማቆምም የተለመደ ጥፋት ነው። ለቲክቶክ 30 ሴኮንድ ይበቃል፤ ለልጅ ልጅ ግን አይበቃም።

እንግዲህ ይህን የሚያነብቡ የሐዋሳ ሰው ከሆኑ አንድ ልመና አለኝ። በመጪው ፊቼ ሲቀዱ መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና መሪው ከፈቀደ ስሙን በራስዎ ድምፅ ይናገሩ። ፋይሉን በስልክ ብቻ አይተዉት፤ በሌላ ሁለተኛ ቦታ ያስቀምጡ። ቤትዎ ውስጥ የአባት ወይም የእናት ካሴት ካለ፣ የቴፑን ራስ በአልኮል አጽድተው ዘንድሮውኑ ወደ ኮምፒውተር ያስገልብጡት። ከሁሉም ቅጂዎች አንዱን ደግሞ ለዘፈነው ሰው ይስጡት።