ሕግ አውጪውን የሚጠይቀው ማን ነው?

በቀድሞ ዘመን ሁለት ገበሬዎች በወሰን በተጣሉ ጊዜ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሌላውን ያቆመው ነበር፤ ከዚያም ሁለቱ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሕግ የሚያወጣው እንደራሴ ራሱ ሕግ ቢተላለፍ ግን ማን ያቆመዋል?

በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን እንደራሴዎች የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፤ ስለዚህ ሕዝቡ ሊጠይቃቸው አልቻለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የዚህን ምክር ቤት እንደራሴዎች የመምረጥን መብት ለሕዝብ ሰጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ደግሞ በአንቀጽ 12 አንድ ነገር ጨመረ፤ ይኸውም ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው እንዲችል ነው።

ነገር ግን ይህ መጠየቅ ወሰን አለው። በአንቀጽ 54 መሠረት እንደራሴው በምክር ቤት ስለ ሰጠው አስተያየትና ድምፅ አይከሰስም፤ በከባድ ወንጀል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይታሰርም። ይህ ጋሻ የተሰጠው ባለ ሥልጣን በእስራት እያስፈራራ አንደበቱን እንዳይዘጋው ነው፤ ዳሩ ግን አጥፊም ከጋሻው በስተ ኋላ ሊሸሸግ ይችላል። ደግሞም የወጣው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ተብሎ ክርክር ቢነሣ፣ ነገሩን የሚቈርጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።

ስለዚህ የተጻፈ ቃል ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። መራጩ የእንደራሴውን ስምና በምክር ቤት የሠራውን ሥራ ካላወቀ፣ አንቀጽ 12 በወረቀት ላይ ይቀራል። «በሕግ አምላክ» የሚል ከሌለ፣ የሚቆምም የለም።